ቁርጥ ዋጋ የሌለው ዝናብ

ጤፍ ተከራክሮ መግዛት ያለ ነው። ጫማ ተከራክሮ መግዛት ያለ ነው። መርካቶ ውስጥ የመግነዝ አቡጀዲ ሲገዛ እንኳ ሟቹ እስካልሰማ ድረስ ትንሽ መከራከር ነውር የለውም። ዝናብ ተከራክሮ የገዛ ሰው ግን ሰምታችሁ የምታውቁ አይመስለኝም። እኔ አይቻለሁ። ይባስ ብሎ ሻጩ እኔው ነበርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ከዱባይ ተራ ጀርባ አንድ ረጅም የቆርቆሮ በረንዳ አለ። ያደግሁት እዚያ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ ቤታችን ሌላ ቦታ ቢሆንም ቤት የምንገባው ለመተኛት ብቻ ነበር። እናቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ክርና መርፌ ትሸጣለች። ሱቋ እሷንና መርፌዎቿን እንጂ ሦስተኛ ሰው አይችልም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጠው ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ነጋዴው ጋሼ ሸረፋ ዘንድ ነበር። ጋሼ ሸረፋ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ከፍተው ወለሉ ላይ ያጋድሙልኝና «ቤትህ ግባ» ይሉኛል። እሱ ሥር ተሸጉጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በረንዳው ውስጥ ሰው ለሰው አይሰማማም፤ ዋጋ የሚነገረው በጣት ነው። እኔም ከጃንጥላዬ ሥር ሆኜ የነጋዴዎቹን ጣት እያየሁ መደመርና መቀነስ ተማርኩ። አሁን የምኖርበት ዶርም ጣሪያው ሲሚንቶ ነው። ዝናብ መምጣቱን የምናውቀው ልብስ ያሰጣ ልጅ በሩጫ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ ክፉ ልማድ ይዤ ገባሁ፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጅ ማውጣት። ከመምህሮቻችን አንዱ «የቆዩ የዝናብ መረጃዎችን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥልኝ ሰው...» ብለው ገና ትንፋሽ ሲወስዱ እጄ ጣሪያ ነክቷል። የአንድ ለአምስት ቡድኔ አባላት እስካሁን በዚህ ይስቁብኛል።

መምህሩ የሚሠሩት በማሽን ለርኒንግ ነው። ከባድ ክረምት ሲመጣ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ወራት ሲቀሩት እንዲታወቅ ትንበያውን ማሻሻል ይፈልጋሉ። እንዲህ ብለው አስረዱኝ፤ ለኮምፒውተሩ ያለፉትን ዓመታት ታሳየዋለህ። ሩቅ ያለው ውቅያኖስ በበጋ ሲሞቅ ክረምታችን ምን እንደሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሆነ ያያል። ደንቡን አንተ አትነግረውም፤ ራሱ ደጋግሞ አይቶ ይማረዋል። ከዚያ የዘንድሮውን ውቅያኖስ ስታሳየው የዘንድሮውን ክረምት ይገምታል። እኔ ውቅያኖስ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ትልቁ ውኃ በክረምት ወደ ሰባተኛ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ነው። ቢሆንም «ገብቶኛል» አልኩ።

መብራት እየሄደብን፣ እየመጣልን፣ ኮምፒውተሩም ከመሀል እያቆመ እንደገና እየጀመረ በመጋቢት ውጤቱ ወጣ። ክረምቱ ከወትሮው የከበደ የመሆን ዕድሉ ስድሳ በመቶ ነው አለ።

«ቁጥሩን ስትናገር ትርጉሙንም አብረህ ተናገር» አሉኝ መምህሩ። «ስድሳ ማለት ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ውቅያኖስ ከታየባቸው አሥር ዓመታት ስድስቱ ይከብዳሉ፣ አራቱ አይከብዱም ማለት ነው።»

ይህን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። እኔ ጥንቁቅ ተማሪ ነኝ። ጥንቃቄዬ ግን አውቶቡስ እስክሳፈር ድረስ ነበር።

ቅዳሜ በረንዳው ስደርስ ጋሼ ሸረፋ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ወደ ቆጡ ያንጋጥጣሉ። ያለፈው ክረምት ዝናቡ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶባቸው ቆጡ እስከ ቆርቆሮው ድረስ በጃንጥላ ታጭቋል። ቡታጅራ ያለው ልጃቸው በየሳምንቱ እየደወለ «ሱቁን ዘግተህ ና፣ እረፍ» ይላቸዋል። እሳቸውም ለእናቴ «ዘንድሮ ቆጡ ካልተራገፈ በመስከረም ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ» ብለዋታል። ሙላት የሚባል የጎጃም በረንዳ ነጋዴ ደግሞ ጃንጥላውን ጠቅላላ ጭኖ ሊወስድላቸው ፈልጓል፤ በሚሰጠው ዋጋ ግን ሌላ ዕቃ አይገዛም። ከሸጡለት ቆጡም ባዶ ይሆናል፣ ሱቁም ባዶ ይሆናል። ካልሸጡለትና ዝናብ ከጠፋ ደግሞ ቡታጅራ ነው። የኔ የልጅነት ቤት፣ ያ ጥቁር ጃንጥላ፣ አብሮ ሊሄድ ነው።

«ዶክተር» አሉኝ። አንደኛ ዓመት ነኝ ብል ብል ዶክተርነቴን አልቀነሱልኝም። «ያ ማሽንህ ስለ ክረምቱ ምን ይላል?»

«ከባድ የመሆኑ ነገር ስድሳ በመቶ ነው ይላል፣ ጋሼ። ስድሳ ማለት ግን...»

«ስድሳ?» የጨርቅ ጥራት እንደሚፈትሽ ሰው ጣቶቻቸውን አሹ። «ለኔ ነው ስድሳ?»

«ለሁሉም ስድሳ ነው።»

«ለሁሉማ ይሁን። እኔን ከሁሉ ጋር ታስተካክለኛለህ? ጃንጥላዬ ሥር ያደግህ ልጅ?»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲፈርድልኝ እፈልጋለሁ። መርካቶ ውስጥ ከመጀመሪያ ቃሉ የማይነቃነቅ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ የመንግሥት ሱቅ ነው። አፌም ያደገው እዚያው ነውና «እሺ፣ ስድሳ አምስት» አለ።

«ሙላት ነገ መኪና ሊያቆም ነው። በስድሳ አምስት እሱን መመለስ አልችልም። የመጨረሻውን ንገረኝ።»

«ሰባ።»

«አልተገናኘንም» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ከገዛ ሱቃቸው ነው የሄዱት። እኔ ጃንጥላ መሀል ቆሜ ቀረሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዞር ሳይሉ፣ ቀስ እያሉ በበረንዳው ይራመዳሉ። እንዲህ ያለ አካሄድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እግር ወደፊት፣ ጆሮ ወደኋላ ነው። እዚያው በረንዳ ላይ የሚሰፉት ልብስ ሰፊው ሽማግሌ የስፌት መኪናቸውን አቁመው አዩኝ። እናቴ መርፌ እንደያዘች አየችኝ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ ይመለሱ፣ በሰማንያ ይውሰዱት» አልኩ።

ተመለሱ። «ወላሂ ከመጀመሪያው እንዲህ ብትል አንተም አትደክም፣ እኔም አልደክም» ብለው እጄን ጨበጡኝ። እኔም ደንበኛ ፊቱ ሲፈታ ደስ ስለሚለኝ «በረዶም ሊኖረው ይችላል» ብዬ ጨመርኩላቸው። ምርቃት መሆኑ ነው። ሙላት በማግስቱ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ከበረንዳው ጀርባ ባለው ግቢ እትዬ ብርቄ በርበሬ ይነግዳሉ። ዛላውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አስጥተው፣ ፀሐይ አስመትተው፣ ለቅመው ይሸጣሉ። ለእሳቸው ዝናብ ማለት ሻጋታ ነው። ወሬው ሲደርሳቸው አስጠሩኝ።

«ስንት ነው ያልከው?»

«ስድሳ፣ እትዬ።» ለእሳቸው ደግሞ ከእውነተኛው ቁጥር ልጀምር ብዬ ነው።

«ውይ፣ ውድ ነው» አሉ።

የእትዬ ብርቄ አከራከር የመራመድ አይደለም፤ የመቀመጥ ነው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እናቴ እኔን ስትወልድ ከሁሉ ቀድሞ አራስ የጠየቃት ማን እንደሆነ አስታወሱኝ። ኩፍኝ ይዞኝ ማን እንዳዘለኝ አስታወሱኝ። ሃምሳ አምስት አልኩ። አንድ ጊዜ ሱሪዬን ማን እንዳጠበልኝና ለምን እንዳጠቡልኝ በሰው ፊት ሊያስታውሱኝ ሲጀምሩ አርባ ገባሁ።

«እግዜር ይስጥህ። ድሮም አንተ ጨዋ ልጅ ነህ» አሉኝና በርበሬያቸውን አሰጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በረንዳው ሲሞላ ጋሼ ሸረፋ «ዘንድሮስ ሰማንያ ነው» ሲሉ እትዬ ብርቄ በዚያ ሲያልፉ ሰሙ።

«የምን ሰማንያ? ለኔማ በአርባ ነው የሰጠኝ።»

ጋሼ ሸረፋ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ለሷ በአርባ ሰጥተህ ለኔ በሰማንያ?»

ልብ በሉ፣ ማንም ዋሸህ አላለኝም። ውቅያኖሱ ምን ይላል ብሎ የጠየቀም የለም። ጥፋቴ አንድን ዕቃ ለሁለት ጎረቤት በሁለት ዋጋ መሸጤ ነው። እናቴ «ክር ሸጬ ያስተማርኩት ልጅ ነው እንዲህ የሚያዋርደኝ?» ብላ ፊቷን በክር ጥቅል ሸፈነች። እትዬ ብርቄ ደግሞ ቅናሽ ያገኙ መሆናቸውን ሲያውቁ ትንሽ ደስ ብሏቸው «ተወው ሸረፋ፣ ልጅ ነው» ማለት ጀመሩ፤ ይህ ጋሼ ሸረፋን የባሰ አቃጠላቸው።

ሽምግልና ተቀመጥን። ሰብሳቢው ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ነበሩ። ግራና ቀኙን በትዕግሥት ሰሙ፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ፈቱ።

«ሸረፋ በሰማንያ ገዛ። ብርቄ በአርባ ገዛች። ሁላችሁም የአንድ በረንዳ ሰዎች ናችሁ። ከሱ ሃያ ይውረድ፣ ለሷ ሃያ ይጨመር። ስድሳ ይሁን፤ በሉ ተሳሳሙ።»

ስድሳ። ሽማግሌው ውቅያኖስ የሚያውቁ ሆነው አይደለም፤ እኔ ግራና ቀኙን እኩል ጎትቼው ኖሮ መሀሉ ቦታው ላይ ስለቀረ ነው። «እኔም ከመጀመሪያው...» ብዬ ስጀምር እናቴ ረገጠችኝ።

«ስድሳው ለሱ ከሆነ» አሉ እትዬ ብርቄ ከተሳሳሙ በኋላ፣ «የቀረው አርባ የኔ ነው ማለት ነዋ።» ሁለት ጊዜ የጻፍኩትን የመምህሩን ትርጉም በረንዳው ውስጥ የተናገረው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ሰማዩን ስድሳና አርባ ተካፍለው ወደየሥራቸው ሄዱ።

ሰኔ ገባ። ዝናብ የለም። ሐምሌ ገባ፤ ጠዋት ጠዋት ያካፋል፣ ከዚያ ፀሐይ ነው። በርበሬው ግቢውን አቅልቶት ሳምንታት አለፉ። ጋሼ ሸረፋ በየማለዳው አንድ ጃንጥላ ከፍተው በር ላይ ይሰቅላሉ፤ ማታ ያንኑ አጥፈው ያስገባሉ። አንድም ቀን «ስድሳህ የት አለ» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ዶክተር ማለቱን ግን ተዉት፤ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ስሜን ከእሳቸው አፍ ስሰማ ከሥራ የተባረርኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። እሳቸውን ላለማግኘት በዱባይ ተራ ዞሬ መግባት ጀመርኩ፤ በዚያ መንገድ ደግሞ ሳልገዛ ማለፍ ስለማልችልበት ሦስት ቀበቶ ሰበሰብኩ።

አንድ ቀን እናቴ ቀስ ብላ «ሸረፋ ካርቶን እየሰበሰበ ነው» አለችኝ። ወደ ቡታጅራ ለመሄድ ዕቃ ሊያስሩ ነው ማለቷ ነው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት፣ ለእናቴ ምሳ ይዤ በረንዳው ውስጥ ነበርኩ። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ መብራት የሄደበት ስክሪን መሰለ። ነፋሱ መጣና ቆርቆሮውን ነቀነቀው። ሁላችንም ወደ ጓሮ ተመለከትን። እትዬ ብርቄ ለቅሶ ሄደዋል፣ የመጋዘናቸው ቁልፍ በጉያቸው ነው፣ በርበሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ነው። ያለቻቸውን አንዲት ላስቲክ ነፋሱ አንሥቶ አጥር ላይ ሰቅሏታል።

ጋሼ ሸረፋ ደመናውን አዩ። በርበሬውን አዩ። ከዚያ ቆጡን አዩ። የጠበቁት ዝናብ መጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ መሸጥ ብቻ ነው የቀረው።

«ዶክተር፣ ቆጥ ላይ ውጣ» አሉኝ።

ያቺን «ዶክተር» ስሰማ መሰላሉን የወጣሁበትን አላስታውስም። እኔ እወረውራለሁ፣ እሳቸው ይቀልባሉ፣ በረንዳው በሙሉ እየከፈተ ርብራቡ ላይ ይደረድራል። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ «ጠርዙን ደርቡት፣ ስፌቱ እንዳያፈስ» እያሉ ያዛሉ። እጀታ ከእጀታ አቆላለፍን። ለዳር ለዳሩ ሰው ቆሞ ያዘ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት፣ የልጆች ጆሮ ያለበት ጃንጥላ ሳይቀር በርበሬ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ።

እኛ በሰበስን፤ በርበሬው ደረቅ ነው። ከጃንጥላው ሥር የሚወጣው ብናኝ ሁላችንንም ያስነጥሰናል። የበረንዳችን ሰው ባስነጠሰ ቁጥር «ይማርህ» ማለት ስለሚወድ እጁ ጃንጥላ ይዞ አፉ ምርቃት ላይ ነው። ከዱባይ ተራ የሸሹ ገበያተኞች ያንን ሁሉ ጃንጥላ ሲያዩ ግቢውን ሞሉት።

«አባት፣ አንዱን ስንት ነው?»

«ሥራ ላይ ነው» አሉ ጋሼ ሸረፋ።

«ሁለት እወስዳለሁ።»

«አልሰማህም እንዴ፣ ሥራ ላይ ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ሲነግዱ ገዢ ሲመልሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በእጃቸው የያዙት ያንን ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ነበር፤ ግማሹ በርበሬው ላይ፣ ግማሹ ጭንቅላቴ ላይ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ ያው የድሮው ነው። ለአንድ አፍታ የቤት ሥራዬን ያልጨረስኩ መሰለኝ። ያኔ በረዶው ጀመረ፤ ጃንጥላዎቹን እንደ ከበሮ ይመታቸው ገባ። ጋሼ ሸረፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ምርቃትህ መጣ» አሉኝ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸው ከሰውነታቸው ተጣብቆ በሩጫ ደረሱ። ግቢውን ሲያዩ ቆሙ።

«አንተ ሸረፋ፣ የክረምት እንጀራህን በርበሬ ላይ ዘረጋኸው?»

«አርባሽን ልጠብቅልሽ ብዬ ነው» አሉ ጋሼ ሸረፋ።

እትዬ ብርቄ መጋዘናቸውን ከፈቱ፤ በርበሬውን በጆንያ እየሞላን አስገባን። በረዶው ሲያባራና ዝናቡ ሲቀጥል አንድ ጃንጥላ አነሡ፤ ብናኙን አራገፉ፤ ወደ ገበያተኞቹ ዞሩና «ጃንጥላ የወሰደ እፍኝ ዛላ በርበሬ ምርቃት አለው» አሉ። በመርካቶ ታሪክ ጃንጥላ በርበሬ ተመርቆበት ሲሸጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በረዶው የሰባበራቸው ጥቂቶች ቀሩ፤ የቀረው እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቅ ጀመር። ዝናቡም ነሐሴን ሙሉ አላቆመም። ጃንጥላዎቹ ሲከፈቱ ስለሚያስነጥሱ አቤቱታ ይመጣል ብለን ስንፈራ፣ አንዲት ሴትዮ ተመልሰው መጥተው «ለጉንፋን የሚሆነው ጃንጥላ አልቋል?» ብለው ጠየቁ። ቆጡ ተራገፈ። ካርቶኖቹ ግን አልተጣሉም፤ አዲስ ዕቃ ገባባቸው።

ለመምህሩ «ስድሳችን ልክ ሆነ» ብዬ በኩራት ስነግራቸው ሳቁ። «አንድ ክረምት ልክ መሆኑንም፣ ስህተት መሆኑንም አይነግርህም» አሉኝ። ከዚያ የዘንድሮውን ዝናብ ማሽኑ እንዲማርበት አስገባነው። ያ ሁሉ ከሰዓት፣ ያ ሁሉ ጃንጥላ፣ ያ ሁሉ ማስነጠስ ከሌሎች ዓመታት ሥር አንድ ቁጥር ሆኖ ተቀመጠ። ማሽኑ ስለ በርበሬው አያውቅም። እኔም ይህን የጻፍኩት ለዚያ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ዓመት ልመዘገብ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በጳጉሜን፣ ልሰናበታቸው ሄድኩ።

«ለከርሞስ ስንት ነው?» አሉኝ ጋሼ ሸረፋ።

«ገና አልወጣም፣ ጋሼ። መጋቢት ላይ ሲወጣ እነግርዎታለሁ። ያኔ ግን ቁርጥ ዋጋ ነው።»

«ለኔ ነው ቁርጥ?»

«ለእርስዎም፣ ለእትዬ ብርቄም፣ ለእናቴም።»

ጣቶቻቸውን አሹ። «አልተገናኘንም» አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በበረንዳው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ መኪናቸውን አቆሙ። እናቴ መርፌዋን ይዛ አየችኝ። በረንዳው ጫፍ ደርሰው ቆሙ፤ ጆሯቸው ወደኔ ነው። አልጠራሁም። ወለሉ ላይ፣ ተከፍቶ የተጋደመው ጥቁር ጃንጥላ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

የራሳቸው ሱቅ አይደል፣ ተመልሰው መጡ።